ውሃ የምትረጨው ወይዘሮ

ተረት መጣ፤ ጆሯችሁን ወደ እኔ አቅርቡ።

በአንድ ቤት፣ ከእንስራው ሥር፣ ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለ ቡናማ ነፍሳት እንቁላሎቿን ታቅፋ ትኖር ነበር፤ ስሟም መቀሲት ነው። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ይቺ ተባይ ጆሮ ውስጥ ትገባለች ሲባል ሰምታ፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ነበር የምትተኛው። ጠዋት ጠዋት መቀሲትንና ዘመዶቿን ጠርጋ ልታስወጣ ስትነሳ፣ አቧራው እንዳይቦን የአፈሩን ወለል ውሃ ትረጨዋለች። ጠብታው መቀሲትን እንደ እሹሩሩ ያባብላታል፤ እርጥብ አፈር ሲሸታት በህልም ጭልጥ ትላለች።

መጥረጊያው አዘነላት። «እቱ፣ ነገ እንስራው ሥር መድረሴ ነውና ዛሬውኑ ሂጂ» አላት።

«በየቀኑ አልጋ የምታነጥፍልን እመቤት እንዴት ትጠላናለች?» አለችው።

በማግስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ የወለደች ልጇን ልታርስ ሩቅ አገር ሄደች። ወለሉ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ። መቀሲት «ለካ ተጠልተናል» ብላ እያለቀሰች፣ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ በአፏ አመላልሳ ደጅ ካለው ድንጋይ ሥር ገባች።

ወይዘሮዋ በወሩ ስትመለስ ቤቱ ውስጥ አንድም ተባይ አጣች። «ተመስገን! እንግዲህ እንዳይመለሱ ደህና አድርጌ ልጥረገው» አለችና የውሃውን ቅል አነሳች።

ከድንጋዩ ሥር መቀሲትን እርጥብ አፈር ሸተታት።

«ተነሱ ልጆቼ» አለች፤ «እመቤታችን እየጠራችን ነው።»