ከጎሽ ጀርባ የቆመው ገመሬ

አንድ ጊዜ፣ ፍርድ ሁሉ በጥላ ሥር ብቻ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ አያ ገመሬ የሚባል ሽማግሌ ዝንጀሮ ነበር። በዚያ ዘመን አራዊት በወንዝ ወዲህና በወንዝ ማዶ ተከፍለው ቅል ይወረውሩ ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። ወርዋሪው ቅሉን ይዞ ከሜዳው በአንዱ ጫፍ ይቆማል፤ ሚዳቋ በሌላው ጫፍ ቆማ በአፏ ትቀልባለች። የማዶዎቹ ከርከሮዎች ደግሞ ወርዋሪውን ሳይወረውር ሊጥሉት ይሮጣሉ። ከወርዋሪው ፊት ቆመው ከርከሮዎቹን የሚያግዱ ሦስት አራዊት አሉ፤ «አጥር» ይባላሉ። ወርዋሪ የሆነ ሁሉ ከሜዳው ዳር ያለው ትልቁ ሾላ ከነፍሬው የእሱ ነው፤ ልጆቹን እዚያ ያሳድጋል። ቅል ማድረስ ያቃተው ግን ሾላውን ለቆ ይወጣል።

ዳኞቹ፣ በጥበባቸው፣ የሚቀመጡት ሚዳቋ ባለችበት ጫፍ ነበር። ዋርካው ያለው እዚያ ነዋ! ጥላ በሌለበት ፍትሕ እንደሌለ የታወቀ ነው። ከዚያ ሆነው የደረሰውን ቅል ያያሉ፤ ስላልደረሰው ደግሞ ወርዋሪውን ይከሳሉ።

አያ ገመሬ ከስንት ክረምት በፊት ወርዋሪ ነበር። አሁን ጎፈሩ ሸብቶ፣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ያን ዘመን ያስታውሳል፤ ዝናብ ካባራ በኋላ የሚሸተውን ሣር፣ ቅሉ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ፉጨት፣ ከዋርካው ሥር የሚነሣውን እልልታ። «ከአሥር ዘጠኝ!» ይላል ለብቻው። «እንደዚያ ያለ ክንድ ዳግም አይፈጠርም።»

አንድ ቀን የዘመኑ ወርዋሪ እመት ጦጢት በከርከሮዎቹ ተሸነፈች። ከአሥር ቅል የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንበሳ ሸንጎ ተቀመጠ፤ አጥር የነበሩት ሦስቱም ለምስክርነት ቀረቡ።

«እኔ በቦታዬ ነበርኩ» አለ አያ ጅቦ። «ትንሽ ዞር ያልኩት ከርከሮዎቹ አጥንት ሲወረውሩልኝ ነው። አጥንት ወድቆ እያየ ዝም የሚል አለ እንዴ?»

«የለም» አሉ ዳኞቹ።

«እኔም ንቅንቅ አላልኩም» አለች አህያ። «ዐይኔን እንኳ ሳልነቅል ነው የቆምኩት።»

«ከማን ላይ?» አለች ጦጢት።

«ከአያ ጅቦ ላይ ነዋ! እሱን አጠገቤ አቁማችሁ ከርከሮ ልይ?»

ቀበሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እኔ እንግዳ አክባሪ ነኝ። ከርከሮዎቹ ‹እባክህ አሳልፈን› አሉኝ፤ አሳለፍኳቸው። ጥፋቱ ግን የክንድ ነው። ክንድ ማለት የአያ ገመሬ ነበር! እርግጥ የአጎቴ ልጅም ክንዱ ደህና ነው፤ ሾላም ይወዳል።»

አያ ገመሬ ተጠርቶ መጣ። ደረቱን ነፋ። «በኔ ዘመን ከአሥር ዘጠኝ ይደርስ ነበር» አለ። «ወርዋሪ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ እንደ ዛሬዎቹ አይቅበዘበዝም።»

የሸንጎው ሽማግሌዎች በትዝታ ተነፈሱ።

ጦጢት ልጇን እንዳዘለች ቀረበች። «አያ ገመሬ፣ ሾላውን ከመነጠቄ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ከኔ ቦታ አንዴ ብቻ ይቁሙልኝ።»

«አንዴ? አሥሩንም እወረውርልሻለሁ!»

በማግሥቱ ቆመ። ቅሉን አንሥቶ ሚዳቋን በዐይኑ ሲፈልግ፣ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ሰማ፦ አጥሩን አልፎ ወደ እሱ የሚመጣ ኮቴ። አያ ጅቦ አጥንት ተከትሎ ሄደ። አህያ ጅቦን ስትከታተል ፊቷን አዞረች። ቀበሮ «እለፉ፣ እለፉ፣ በሞቴ!» አለ። ገመሬ መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ አፈሩን አየ። አሥር ጊዜ ወደቀ። ከአሥሩ ቅል አንዱ ደረሰ፤ እሱንም ከርከሮ በእግሩ ጠልዞት ነው።

አፈር ላይ እንደተጋደመ የድሮው አጥር ትዝ አለው፤ ጎሽ፣ አውራሪስና ዝሆን። ጭቃ ጭቃ የሚሸተው፣ ወፎች የሰፈሩበት የጎሽ ጀርባ ትዝ አለው። ከርከሮዎቹ ሲመጡ ጎሽ ዞር እንኳ ሳይል «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ» ይለው ነበር። እሱም ቀስ ብሎ ይወረውር ነበር። በኋላ ዝሆን ውሃ ተከትሎ ሄደ፤ አውራሪስ ቆላ ወርዶ ቀረ፤ ጎሽ በድርቁ ዓመት ሞተ። ጎሽ የሞተ ዕለት ገመሬ ከሾላው አልወረደም። ፍሬው በስሎ ነበር።

ቀበሮ መጥቶ በጆሮው አንሾካሾከ። «አያ ገመሬ፣ ‹እርጅና ነው› ይበሉ። ስምዎ አይጎድፍ፣ ሸንጎው በሰላም ይበተን፣ ሾላውም ለአጎቴ ልጅ ይሁን።»

ገመሬ እያነከሰ ወደ ዋርካው ሄደ። ዳኞቹ አዝነው ጠበቁት።

«ዕድሜ ነው፣ አይደለም?» አለ አንበሳ በርኅራኄ።

ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃው ነበር።

«ዕድሜም አለበት» አለ ገመሬ። «ግን ጌታዬ፣ ያ ዘጠኝ የጎሽ ነው። እኔ ከጀርባው ቆሜ ነፋስ ሳይነካኝ ነው የወረወርኩት። ጦጢት ከነዚህ ኋላ ቆማ ሁለት ማድረሷ ከኔ ዘጠኝ ይበልጣል።»

ሸንጎው ጉድ አለ። ከሁሉ የከፋቸው ሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ ወጣትነታቸውን የቀማቸው መሰላቸው። «ጃጀ!» አሉ።

«ካላመናችሁኝ መጥታችሁ ከጦጢት ኋላ ተቀመጡ» አላቸው።

ዳኛ ፀሐይ ላይ መውጣቱ ነውር ቢሆንም አንበሳ ተነሣ፤ ሸንጎውም ተከተለው። ጦጢት ቅሉን አነሣች። አጥንት ተወረወረ፤ ጅቦ ሄደ፤ አህያ ዞረች፤ ቀበሮ «በሞቴ!» አለ። ከርከሮዎቹ በአጥሩ መካከል ሰተት ብለው አለፉ። ጦጢት ዘላ ስታመልጣቸው እነሱ መቆም አቅቷቸው ሸንጎው ላይ ወጡበት። አቧራው ሲበተን አንበሳ ጎፈሩ ሣር ሞልቶት ተቀምጧል፤ ከሽማግሌዎቹም ግማሾቹ በጀርባቸው ተንጋለዋል።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ አጥንቱን በአፉ እንደያዘ ተመለሰ። «አሸነፍን?» አለ።

በዚያ ጫካ እንደዚያ ፈጥኖ የተሰጠ ፍርድ የለም፦ ሦስቱም ከአጥርነት ይነሡ፣ ሾላው ለጦጢት ይጽና።

ሽማግሌዎቹ ግን አያ ገመሬን ይቅር አላሉትም። ስለ ድሮው ጨዋታ እንዲያወራላቸው መጠየቁንም ተዉት፤ «ወሬው ውስጥ ጎሽ በዛ» አሉ። እሱ ለጦጢት ልጆች ያወራላቸዋል። «ወርዋሪውስ ማን ነበር?» ብለው ሲጠይቁት፣ «እሱን እንኳ ረሳሁት» ይላቸዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ቅሉ ለምን እንዳልደረሰ ሊፈርድ የሚፈልግ ዳኛ አስቀድሞ ጥላውን ትቶ አንድ ጊዜ ከወርዋሪው ኋላ መቀመጥ እንዳለበት ነው።