አያ ጅቦ «ያገባኛል» ያለ ቀን

አንድ ጊዜ የአራዊት ንጉሥ አንበሳ በጣም ተናደደ። ዘብ ያቆማቸው ወንዶች ሁሉ «ሚስቴ ናፈቀችኝ» እያሉ ከጥበቃ እየሾለኩ ቤታቸው ሲገቡ ደረሰባቸው። ወዲያው አዋጅ አስነገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ በአገሬ ማንም አያገባም። ያገባ ቢገኝ ጅብ ይብላው።»

አያ ጅቦ ይህን ሹመት ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት እንስሳት አንድ ላይ ቆመው ካየ ጠጋ ብሎ «ሠርጉ መቼ ነው?» ይላል፤ ተስፋ አይቆርጥም።

አዋጁ ከሁሉም በላይ የጎዳው ዳለቻ የተባለውን አህያ ነበር። ዳለቻ ቅጠል ኮሽ ሲል የሚበረግግ፣ የታወቀ ፈሪ ነው። ቡሊት የምትባለውን አህያ ግን ከልቡ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። የቡሊት አባት ደግሞ «ጾም ሳይገባ ካልተጋባችሁ አዋጁ ለማይደርስበት ለማዶው ፈረስ እድራታለሁ» ብሎ ቆርጧል። ዳለቻ እንቅልፍ አጣ፣ ሣሩም አልበላ አለው። በመጨረሻ እመት ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ ካገባኋት ጅብ ይበላኛል። ካላገባኋት ደግሞ መኖሬ ለምኔ? ምን ይሻለኛል?»

«የካቲት ሰባት ቀን፣ በቀትር፣ ዋርካው ሥር ደግስ» አለችው። «የማጋባችሁ እኔ ነኝ። ጅቡን ለእኔ ተወው። ንጉሡንም እጠራዋለሁ።»

«ንጉሡን?» አለ ዳለቻ።

«ያለ ዳኛ ጅብ አይረታም። አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ።»

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ፤ ቡሊትም ታጥባ፣ ተበጥራ መጣች። እመት ቀበሮ ንጉሡን «አዋጅዎን የሚጥስ ላሳይዎት» ብላ አምጥታ ከግንዱ ጀርባ አስቀምጣዋለች። ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትጀምር ስትል አያ ጅቦ እየሮጠ ደረሰ።

«ቁሙ። ሠርግ ነው አይደል?»

«አያ ጅቦ፣ ይህ የሁለት አህዮች ጉዳይ ነው» አለች ቀበሮ ረጋ ብላ። «አንተን አያገባህም።»

«እንዴት አያገባኝም? ያገባኛል።»

«አያገባህም ስልህ።»

«ያገባኛል አልኩሽ። ከማንም በላይ ያገባኛል» እያለ ጮኸ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ።

ቀበሮ ወደ ግንዱ ዞረች፤ ንጉሡም ከጀርባው ብቅ አለ። «ጃንሆይ፣ በጆሮዎ ሰሙልኝ? ሦስት ጊዜ ‹ያገባኛል› አለ። ማን እንደሚያገባው እኔ አላውቅም፤ የሚያገባ ግን ጅብ ይብላው ተብሏል። እንግዲህ ራሱን ይብላ።»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። ጅራቱን አየ፣ እግሩን አየ፤ ከዚያም ወደ ንጉሡ ቀና ብሎ «ከየት ልጀምር?» ሲል ጠየቀ። አንበሳው በሳቅ ፈረሰ። እንግዳውም ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ንጉሡ እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ዓይኑ ዳለቻ ላይ አረፈ። «አንተስ? እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ሣር ልግጥ ነው በል» አለችው ቀበሮ በሹክሹክታ።

ዳለቻ ቡሊትን አያት። «ሣር ልግጥ» ብሎ ሊክዳት አልቻለም።

«ጃንሆይ፣ ቡሊትን ላገባ ነው የመጣሁት። እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። ግን እወዳታለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ቀበሮ በመዳፏ ዓይኗን ሸፈነች። ቡሊት ግን መጥታ ከዳለቻ ጎን ቆመች።

አንበሳው ሁለቱን አያቸው። «እኔ የሚያፈቅር ሁሉ ዘብ ጥሎ የሚጠፋ ፈሪ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ከአገሬ ሁሉ ፈሪው አንተ ነህ፤ ዛሬ ግን ስለ እሷ ብለህ ከእኔ ፊት አልሸሸህም። አዋጁ ተሽሯል። በየዓመቱ በዚህ ቀን ዘብ የሚባል የለም፤ የሚዋደድ ሁሉ ከወደደው ጋር ይዋል። አያ ጅቦም ያገባኛል ካለ ሚዜ ይሁን፤ አፉ ግን ይለጎም።»

ዳለቻ በደስታ ሲያናፋ ተራራው አስተጋባ። ለሙሽራዋ ቀይ አበባ ቆርጦ አመጣላት፤ እሷም ተቀብላ እኩሌታውን በላች፣ እኩሌታውን ለእሱ ሰጠችው። አራዊቱ እስኪመሽ ጨፈሩ፤ የፍቅር በዓልም በዚያ አገር እንዲህ ተጀመረ።

ከዚህ የምንማረው የሚወዱትን ፊት ለፊት «እወዳለሁ» ብሎ መናገር ከብልጠት ሁሉ እንደሚበልጥ ነው።