የሰንጋው ሻኛ

በአንድ ወቅት፣ ወይፈን ባስቸገረ ቁጥር «ገላነህ ይጠራ» በሚባልበት የደጋ አገር፣ ገላነህ የሚሉት ኮርማ አኮላሽ ነበር። እጁ ፈጣን ነው። ያኮላሸው ወይፈን ቁስሉ አያመረቅዝም፤ መዋጋቱን ይተዋል፣ ቀንበር ይለምዳል፣ ይሰባል። «ኀጢአት አይሆንብህም?» ሲሉት፣ «እኔ ቁጣውን እንጂ በሬነቱን አልወስድበት» ይል ነበር።

ስድሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሽንቱ እምቢ አለው። በቀን አሥር ጊዜ ከአጥር ጀርባ ይቆማል፤ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ቆይቶ ወገቡን ቆረጠው፤ እግሩም ይደነዝዝ ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ሱሪውን የምታጥበው ግን ሚስቱ ይርገዱ ናትና ደሙን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፀሐይ መትቶኝ ነው። ደግሞ ይሄን ከዚህ ቤት ብታወጪ፣ አንቺም አብረሽ ትወጫለሽ።»

ይርገዱ በአርባ ዓመት ትዳር የቤት ገመና አውጥታ አታውቅም። በማግስቱ ሱሪውን ሳታጥብ ጠቅልላ ሄደችና፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘረጋችው። «የባሌ ነው። እርዱኝ» አለች። ገላነህ ይህን ሲሰማ ከእጇ እህል አልቀምስ አለ። ዘመዶቹም «ገመና አውጪ» አሏት። በአምስተኛው ቀን ግን ልጁ ስንሻው ቃሬዛ ይዞ መጣ።

ስንሻው የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችው። ትንሽ ያተኩሳት ነበር። «በሦስት ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ሚስቱን ተሰናበተና አባቱን ሆስፒታል አስገባ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ነገር አያስረዝምም። «አባባ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ነው። አከርካሪዎ ላይ ደርሷል። ካንሰሩን የሚቀልበው ቴስቶስትሮን የሚባል የወንድ ሆርሞን ነው። አብዛኛውን የሚሠሩት ቆለጦችዎ ናቸው።»

«ታዲያ ወንድነቴ ነው ያሳመመኝ?»

«አይደለም። የታመሙት ሆርሞኑ ስለበዛብዎ አይደለም። አንዴ ከመጣ በኋላ ግን ይቀልበዋል፤ ቀለቡን ስናቋርጥበት ይዳከማል። ለዚህ የሚሆን መርፌ ነበር፣ አሁን ጠፍቷል። ያለን መንገድ ቆለጦቹን ማውጣት ነው። ከዘገየን እግርዎ ይከዳዎታል።»

ገላነህ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ሰንጋ ሆኜ ከምኖር ኮርማ ሆኜ ልሙት። ስንሻው፣ ቤቴ ውሰደኝ።»

ስንሻው ሦስት ቀን ለመነው፤ እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ቢምረው ሊጠይቀው መጣ። ቢምረው የአገሩ ፎካሪ ነው፤ ያለ እሱ ሠርግ አይደምቅም። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ በሁለቱ ላይ የአገራቸው ሰዎች ተኝተዋል።

«ሰንጋ ሊያደርጉኝ ነው» አለው ገላነህ።

«እኔን ካደረጉኝ አራት ዓመቴ።»

ገላነህ ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«አውጥተውልኛል አልኩህ። ድንገት እሳት ይለቅብኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል። የቀረውን እኔና ሚስቴ እናውቃለን። ግን አለሁ።»

«አምና በኛ ሠርግ እንደዚያ እየፎከርክ?»

«ፉከራ የሚወጣው ከጉሮሮ ነው፣ አንተ! ከሱሪ መሰለህ? ለመሆኑ ስለ በሬው ምን ትል ነበር?»

ገላነህ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

«በል እንጂ!»

«ቁጣውን እንጂ በሬነቱን አልወስድበት።»

ቢምረው ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅም፤ የአገሩ ሰዎች ሁሉንም ሰሙ። በሳምንቱ ወሬው ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ የሚጠሩት ሌላ ፎካሪ ነው።

ገላነህ እሺ አለ፤ ቀዶ ጥገናው ለሰኞ ተያዘ። እሑድ ከሰዓት የስንሻው ስልክ ጮኸ። ልጁ ሞታለች።

ስንሻው ግቢ ወጥቶ ከቧንቧው አጠገብ ተቀመጠ። አባቱን ያውቀዋል፤ ከሰማ ለቀብር ካልሄድኩ ብሎ ይነሣል። ተራው ያልፋል፤ እግሩ ደግሞ ሌላ ተራ አይጠብቅም። ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ።

«ልጅቱ ተሻላት?» አለው አባቱ።

«ተኝታለች አሉኝ፣ አባዬ።»

ቀብሩ ያለ አባቷ ሆነ። ስንሻው አሥራ ሁለት ቀን አባቱን አጠበ፣ አጎረሰ፤ አላለቀሰም። ገላነህ ያወቀው ቤቱ ሲደርስ፣ ምራቱ ጥቁር ለብሳ በር ላይ ቆማ ሲያይ ነው። እሷም ባሏን እስከ ዛሬ በሙሉ ዓይኗ አታየውም።

ዓመት አለፈ። ገላነህ በእግሩ ይሄዳል፤ ሽንቱም ይወርዳል። ሐኪሙ «ተዳክሟል እንጂ አልጠፋም፤ በየሦስት ወሩ ይምጡ» ብሎታል። እሱ ግን ለነጋች ጠዋት ሁሉ ተመስገን ይላል። ከይርገዱ እጅም ይጎርሳል። ለምስጋናው በገዛ እጁ ያኮላሸውን ሰንጋ አረደና ሰው ጠራ። በዚያ አገር ሻኛ አይከፋፈልም፤ በሰው ሁሉ ፊት ለአንድ ባለውለታ ይሰጣል።

ገላነህ ሻኛውን በትሪ ይዞ ቆመ።

«ለስንሻው ስጠው» አለች ይርገዱ። «እኔ ምን አደረግሁ? ሱሪ ነው ያሳየሁት።»

«ለእናቴ» አለ ስንሻው። ሌላ አልጨመረም።

«እኔ እቀበላለሁ!» አለ ቢምረው። «ሥጋ እንኳ ልብላ እንጂ፣ ሌላ ምን ቀረኝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ገላነህም ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው ወረደ። ይርገዱ ገመናውን ባታወጣ በሽታውን ማን ያውቅለት ነበር? ቢምረው የራሱን ገመና ባይገልጥለት መች እሺ ይል ነበር? ስንሻው ሐዘኑን ባይውጥለት ዛሬ በእግሩ ይቆም ነበር?

ትሪው እጁን ከበደው። ሰው ሁሉ ያየዋል። እናንተ በገላነህ ቦታ ብትቆሙ፣ ሻኛውን ለማን ትሰጡ ነበር?