የወፍጮ ቤቱ ቃጭል

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ፤ ድንበሩ ይባላል። በዚያ አገር ከእሱ በቀር ወፍጮ ያለው የለም። በገበያ ዋዜማ ሰዉ እህሉን ተሸክሞ ይጎርፋል፤ ተራ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ጉልበተኛው ይገፋል፣ ደካማው ጥግ ይዞ ይውላል። ድንበሩ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ሽማግሌ ላከ። የሰማው የለም።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣለት። አሮጌ የአህያ ቃጭል በገመድ አስሮ ከምሰሶው ላይ ሰቀለ። «ከዛሬ ጀምሮ ተራ ያለፈ ሰው ዱቄቱ እስኪወርድ ይህን አንገቱ ላይ ያጠልቃል» አለ።

መጀመሪያ ያጠለቀው ላመስግን የሚባል ፈርጣማ ጎረምሳ ነው። ሰው ጥሶ ሲገባ ያዙትና አሰሩለት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አያ ላመስግን፣ ጭነቱ አልከበደህም?»

«ጭድ ስጡት እንጂ፣ ደክሞት እኮ ነው!»

ላመስግን አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ዱቄቱን ተሸክሞ ሲወጣ ቀና አላለም። ከዚያ ወዲያ ሲመጣ ከሁሉም ኋላ ነው የሚቆመው።

ተራ የሚያልፍ ጠፋ። አንዳንዱማ የሚያስፈጨው ሳይኖረው ቃጭል የሚታሰርበት ይገኝ እንደሆን ብሎ ይመጣ ነበር። ድንበሩ «ልመና ያላስከበረውን ተራ ሳቅ አስከበረው» እያለ ይኮራል። እውነቱን ነው፤ አስከብሮታል።

አንድ ቀን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እትዬ ዘርትሁን የሚባሉ ባልቴት መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ትንሽ አጃ ቋጥረዋል። ሰልፉ ከበር ወጥቶ አጥሩ ጋ ደርሷል። ሞተሩ ግሎ ውሃ እየተጨመረበት ስለነበር ቤቱ ጸጥ ብሏል። እትዬ ዘርትሁን ግራ ቀኝ ሳያዩ ሰዉን ሁሉ አልፈው ገቡ። ወደ ወፍጮው ግን አልሄዱም። ወደ ምሰሶው ሄዱ። ቃጭሉን አወረዱና በገዛ እጃቸው አንገታቸው ላይ አጠለቁት።

ሊስቅ የተዘጋጀ ሁሉ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«እትዬ፣ ምን ማድረግዎ ነው?» አለ ድንበሩ።

«ልጄ ማለዳ ተገላገለች። ደም ፈሷት ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። ቤቴ አጥሚት የምትሆን ጭብጥ ዱቄት የለችም። ሕግህን አውቃለሁ፤ ይኸው አጠለቅሁት። አሁን ፍጭልኝ። እናንተም ሳቁ፣ አልቀየማችሁም።»

የሳቀ የለም። እትዬ ዘርትሁን ሲተነፍሱ ቃጭሉ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል።

«ምነው ቢነግሩን? እናሳልፍዎት ነበር እኮ!» አለ ድንበሩ።

«እዚህ ቤት ሰው ተራ ሲያልፍ ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ ነው፣ ልጄ። ሳቅ ደግሞ ጆሮ የለውም።»

ድንበሩ ገመዱን ሊፈታላቸው እጁን ዘረጋ። ከለከሉት። «ዱቄቱ ሳይወርድ አይሆንም» አሉት። ሞተሩ ተነሳ፣ አጃው ተፈጨ። ያኔ አውልቀው እጁ ላይ አስቀመጡለትና እየተጣደፉ ወጡ። አራሷም አጥሚቱን ጠጥታ ዓይኗን ገለጠች።

ድንበሩ ግን ቃጭሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሞተሩን አጠፋ። ወደ ሰልፉ ዞሮ «ቤቱ ችግር ኖሮ ይህን ፈርቶ ዝም ያለ አለ?» ሲል ጠየቀ።

 አንዲት ሴት «ጡት የሚጠባ ልጅ ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት፤ ከጠዋት ጀምሮ» አለች። ከወደ ኋላ ደግሞ ላመስግን ተናገረ።

«ያን ቀን እናቴ ታማ ነበር። ልነግራችሁ አፌን ስከፍት ሳቃችሁ ቀደመኝ።»

የላመስግን እናት በዚያው ሳምንት እንደተቀበረች የማያውቅ አልነበረም። አብዛኛው ሰው ቀብሯ ላይ ቆሟል። ወንዱ ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ድንበሩ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ቃጭሉ ከምሰሶው ወርዶ በሩ ላይ፣ እጅ በሚደርስበት ተሰቅሎ ተገኘ። የቸገረው ያቃጭላል፤ ሰልፉ ለሁለት ይከፈልለታል። ጉልበተኛውም፣ ቀልደኛውም ያንን ድምፅ ሲሰማ ዝም ብሎ ወደ ዳር ይቆማል። እስከ ዛሬ በሐሰት ያቃጨለ ሰው አልተሰማም።

ሳቅ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ለምን እንደጎበጠ ግን አይጠይቀውም። እናንተስ፣ ደንብ ይከበር ብላችሁ በየደጃችሁ የሰቀላችሁት ቃጭል የማንን አፍ ዘግቶ ይሆን?