ቀይዋን መኪና ደንገጎ ያወጣት ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ወቅቱም ከሃያ ሁለት ዓመት ያልበለጠ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጥላዬ የሚባል መካኒክ ነበር። ሚስቱ ቀድማው ሞታ ሦስት ልጆች ለብቻው አሳደገ። የመጀመሪያው ቢራራ ጆሮ ነበረው፤ መኪና ገና ከበር ሳይገባ ሕመሙን በድምፁ ይናገራል። ሁለተኛው ይርጋ እጅ ነበረው፤ ብረት ቆርጦ ብረት መቀጠል ለእሱ ጨርቅ እንደ መጣፍ ነው። ሦስተኛዋ ትርሲት ደግሞ አዲስ አበባ ቴክኒክ ተምራ በዲፕሎማ የተመለሰች ናት።

ትርሲት እኔ ነኝ። ስለ ሌላ ሴት እንደማወራ አድርጌ ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ስለዚህ እያፈርኩም ቢሆን በራሴ ስም እጽፈዋለሁ።

አባታችን አንዲት ባለሁለት ወንበር ቀይ የውድድር መኪና ነበረችው፤ አንድ ግሪክ ነጋዴ አገር ሲለቅ የተዋት። የራሷ ሞተር ሲቃጠል አባባ ከተገለበጠ ፒክአፕ ላይ ትልቅ ሞተር አውጥቶ ከተተባት። ገባ፤ ግን ጠባብ ጫማ ውስጥ እንደገባ እግር ነው፣ ዙሪያው ጣት አያስገባም። ለየካንዴላው እሳት የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ከኋላ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ከሚለየው ቆርቆሮ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ዲስትሪቢዩተር በጥቂቱ ዞር ሲል እሳቱ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ከቀደመ ሞተሩ ዳገት ላይ ጠጠር እንደተበተነበት ጣሳ ይንጫጫል፤ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። ከዘገየ ጉልበት ያጣና ይፈላል። በሌላ መኪና ልኩ የሚታወቀው ፋብሪካው ባደረገው ምልክት ነው። በዚህችኛዋ ግን ምልክቱ ከሻንሲው ብረት ጀርባ ተደብቆ ነበርና ዓይንም መብራትም አይደርስበትም።

የሚያስተካክላት አባባ ብቻ ነው። ሁላችንንም አስወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ይከታል። እንዴት እንደሚያውቀው ሲጠየቅ በጆሮዬ ነው ይላል። ከሐረርም ከጅጅጋም ሰው መኪናውን ወደ እኛ የሚያመጣው ቀይዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ስላየ ነበር።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ሁሉ ባሉበት ሦስታችንንም ጠራንና ጋራዥ እንደ ዳቦ አይቆረስም አለ። ዲስትሪቢዩተሩን ፈትቶ ያዛባዋል፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቀን ይኖረናል፤ አመሻሽ ላይ እሱ አጠገባችን ተቀምጦ ደንገጎ እንወጣለን። ሳታንጫጫ ያወጣት የጋራዡን ቁልፍ ይወስዳል። ያልቻለ በዚያው ቀን፣ በለበሰው ልብስ፣ ከግቢው ይወጣል።

ይርጋ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «እኛስ ልጆችህ አይደለንም እንዴ፣ አባባ?»

«ልጅነት ዳገት አያወጣም» አለው አባባ።

በክብሪት እንጨት ዕጣ ተጣጣልን። ለይርጋ የመጀመሪያው ቀን፣ ለቢራራ ሁለተኛው፣ ለእኔ ሦስተኛው ደረሰ። ይርጋ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ወይዘሪት ዲፕሎማ፣ አንቺ ደብተርሽን አንጥፈሽ ስትደምሪ እኔ ደንገጎ ላይ ሐብሐብ እየበላሁ ነው» አለኝ። ሳቅንለት። ሦስታችንም አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው የመጨረሻው።

ይርጋ ማሰብ አላበዛም። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ወንበሩን ነቀለና ያንን ቆርቆሮ በመጋዝ ቆረጠው። አባባ ውጭ ኒም ዛፉ ሥር ጎማ ላይ ተቀምጦ የመጋዙን ድምፅ ሰማ፤ አላስቆመውም። እኩለ ቀን ሳይሆን መዳፍ የሚያክል አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተከፈተ፤ ዲስትሪቢዩተሩ ገበታ ላይ እንደቀረበ ሆኖ ታየ። ይርጋ እጁን አስገብቶ አስተካከለው። ዓይኑ ብሎኑን ያያል እንጂ ልኩን ስለማያይ፣ ፒስተን ከምበሳ ብሎ እሳቱን አዘገየው። አመሻሽ ላይ ቀይዋ ደንገጎን ወጣች። አንዴም አልተንጫጫችም። ግን እያቃሰተች ነበር፤ ጫፍ ስትደርስ ራዲያተሯ እንፋሎት ተፋ።

«አልተንጫጫችም፤ ወጥታለች። ቃልህ ይኸው ነበር» አለ ይርጋ።

«የወጣችው የእኔ መኪና አይደለችም፣ አንተ ያረድካት ናት» አለ አባባ።

ግቢ ስንመለስ ቱታው የጋራዡ ስለሆነ አውልቅ አለው። ይርጋ ሠራተኞቹ ፊት ቱታውን አወለቀ፣ አጥፎ ጎማው ላይ አስቀመጠ፣ በካናቴራና በቁምጣ ከግቢው ወጣ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ እኔም።

ቢራራ በነጋታው መጀመሪያ ያደረገው ነገር የይርጋን ቀዳዳ በቆርቆሮ መድፈን ነው። አባባ ሳይቆርጣት የቻለውን እኔም ሳልቆርጣት እችላለሁ አለ። ሞተሩን አስነሥቶ ክንዱን ከላይ እስከ ብብቱ ከተተ። ያ ቦታ የጭስ መውጫው ቧንቧ የሚያልፍበት ነው፤ አባባ ሲሠራ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅንም፤ በጆሮ የሚሠራ ሰው ግን ሞተሩ ካልጮኸለት ምን ይሰማል? በፀጉር ስፋት ያዞራል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ደግሞ በፀጉር ስፋት ይመልሳል። እኔ መፍቻ እያቀበልኩት አጠገቡ ነበርኩ። መጀመሪያ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ሥጋ። አውጣው ብዬ ሸሚዙን ሳብኩት።

«ዝም በይ፣ ትርሲትዬ። እየመጣች ነው» አለኝ።

መጣች። ሞተሩ እንደጠገበች ድመት ሆነ። ክንዱን ሲያወጣ ከቆዳው ጥቂቱ ቧንቧው ላይ ቀረ፤ እሱ ግን እየሳቀ ነበር። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩለት።

አሁን እጄ የሚቆምበት ቦታ ደረስኩ።

ድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነሣም። ቢራራም የሚያቃጥል ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኛ። የእኔ ቀን ነገ ነው። ሦስት ሌሊት ያነበብኩት መጽሐፍ ሞተሩን የሚያውቀው በራሱ መኪና ውስጥ ሆኖ ነው፤ የእኛን ምልክት ማየት እንደማይቻል መጽሐፉ አያውቅም። ደብተሬ ቁጥር ሞልቶታል፤ አንዱም ቁጥር ብሎን አያዞርም።

ወደ ጋራዡ ብቻዬን ገባሁ። ቢራራ የደፈነውን ቆርቆሮ አነሣሁ። በይርጋ ቀዳዳ ሳይ ከዲስትሪቢዩተሩ በታች፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ትልቁ ጥርሳም ጎማ፣ ቮላኖው፣ በአንዲት ትንሽ መስኮት ይታያል። ይኼ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ይርጋም ምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ ነው የከፈተው። የኋላ ጎማዋን በክሪክ አንሥቼ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ ጎማውን በእጄ እያዞርኩ ሞተሩን ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ትንሽ አምፑል አሰርኩ። ቢራራ ባስተካከለው ልክ፣ እሳት በሚሰጥበት ቅጽበት፣ አምፑሉ በራ። እዚያው አቆምኩት። ከዚያ በቦርሳዬ ደብቄ የያዝኩትን፣ አባባን ፈርቼ አንድ ቀን እንኳ ያልተቀባሁትን ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣሁ። ቮላኖው ላይ አንድ መስመር፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ሌላ መስመር፣ ፊት ለፊት። ከእንግዲህ ሁለቱን መስመሮች አገናኝቶ አምፑሉ እስኪበራ ዲስትሪቢዩተሩን ማዞር ለማንም ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ የወንድሜን ጆሮ የቀዳሁ ተማሪ እሆን ነበር። አላቆምኩም። ብሎኑን አላልቼ፣ እሳቱ እንዲቀድም፣ ዲስትሪቢዩተሩን ሜዳ ላይ የማያስታውቅ የጥፍር ስፋት ያህል ወደ ፊት ገፋሁትና መልሼ አጠበቅሁት። ከግቢው መባረር ፈርቼ ነው እንዳልል ዲፕሎማ ነበረኝ፣ የትም ሥራ አላጣም። ቢራራን ጠልቼው እንዳልል መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። የፈለግሁት አባባ አንድ ቀን እኔን እንዲያየኝ ነበር። ቀዳዳውን ደፈንኩ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ሄጄ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

አመሻሽ ላይ ቀይዋ ከፊት፣ እኛ በፒክአፕ ከኋላ ሆነን ደንገጎን ጀመርን። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ያ የጣሳ ድምፅ ተነሣ። ቢራራ መኪናዋን አቁሞ ወረደ፣ ኮፈኑ ላይ ጆሮውን ለጠፈና ረጅም ጊዜ ቆየ። አባባ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ያሞገስኩልህ ጆሮ ይኸው ነው ወይ አለው። ከዚያ ቁልቁለቱን በእግርህ ውረድ አለ።

ቢራራ ወደ ፒክአፑ መጣ። የታሰረውን ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ እኔን ብቻ ተመለከተኝ።

«ትርሲትዬ፣ ጠዋት አጠገቤ ነበርሽ። ልክ አልነበረም?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና መውረድ ጀመረ።

አባባ ማታውኑ ፈትቶ አዛባት። በማግስቱ ጠዋት ቢራራ የደፈነውን ቆርቆሮ አንሥቼ ሁለቱን መስመሮች አገናኘሁና አምፑሉ እስኪበራ ዲስትሪቢዩተሩን አዞርኩት። ክንዴ አልተቃጠለም፣ ቆርቆሮ አልቆረጥኩም። ቀይዋ ደንገጎን እየዘፈነች ወጣች። አባባ በምን አገኘሽው አለኝ፤ በትምህርት አልኩት። ያን ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ቁልፉን ሰጠኝ፤ አራት ዓመት ቆይቶም ወንዶቹን ሳይጠራ ሞተ።

ጋራዡን ሃያ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ። ክፉ አልያዝኩትም። አሥራ አንድ ቤተሰብ ይተዳደርበታል፤ ከእኔ የተማሩ ልጆች ዛሬ የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። ይርጋ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ፤ መኪናው ሲበላሽ በረዳቱ ይልክልኛል እንጂ በሩን አልፎ አያውቅም። ቢራራ መፍቻ ዳግም አልያዘም። የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው። ቤቱ ስሄድ በሩ ሲንኳኳ አይነሣም፤ ሚስቱን «ተንኳኳ እንዴ፣ ወይስ መሰለኝ?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷ አዎ ስትለው ነው የሚነሣው። የልጁን ለቅሶ እንኳ በምስክር ነበር የሚሰማው።

ባለፈው ጥቅምት የቀይዋን ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ አወረድኩት። ዲስትሪቢዩተሩን ሳጥብ ከሥሩ፣ ጥፍር ብቻ በሚደርስበት ቦታ፣ በሞረድ የተፋቀች ጭረት አገኘሁ። ሞተሩ ላይም ትይዩዋ ሌላ ጭረት አለ። አባባ ሞተሩን ሊከት ሲል፣ ገና ሁሉም ነገር ውጭ ሆኖ በግልጽ ሲታይ ያበጃት ናት። አባባ በጆሮው አስተካክሎ አያውቅም ነበር። በር ዘግቶ በጥፍሩ ጭረቷን ፈልጎ ይገጥማታል፣ በቃ። ልጆቹን ያባረረበትን ፈተና እሱ ራሱ ተፈትኖት አያውቅም። ሁለቱን ጭረቶች ገጠምኳቸው፤ አምፑሉ እስኪበራ ሞተሩን አዞርኩና የጥፍር ቀለሜን አየሁ። መስመሮቹ አንድ ላይ ነበሩ። ቢራራ እየተቃጠለ ያገኘው ልክ፣ ያለ ምልክት፣ ያለ ዓይን፣ ልክ ነበር።

የፊታችን እሑድ ሁለቱንም ጠርቻለሁ። ይርጋ ከበሩ ውጭ ከሆነ እመጣለሁ ብሏል፤ ወንበር አወጣለታለሁ። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ቁልፉም ከሦስታችን ለአንዳችን ይሆናል። አባባ እንዳለው አይቆረስም፤ ግቢው ጠባብ ነው፣ ከእንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር አብረን አንሠራም።

ቢራራ ልኩን ያገኘው እሱ ነው፤ ግን ያገኘውን ለማንም ማስተማር አይችልም ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ራሱም አያምነውም። ይርጋ ቃሉን እንደ ቃሉ የፈጸመው እሱ ብቻ ነው፤ የእሱ ቀዳዳ ባይኖር የእኔ መስመር አይኖርም፣ ሃያ ሁለት ዓመትም ያቺ መኪና የተስተካከለችው በዚያ ቀዳዳ ነው፤ ግን መኪናዋን አፍልቶ ነው ያወጣት። እኔ ለአንድ ቀን የተገኘውን ለዘወትር ያቆየሁ ነኝ፤ ጋራዡንም ያቆየሁት በዚያው ነው፤ እንዴት እንደጀመርኩት ግን አሁን ታውቃላችሁ።

እኔ ከሦስቱ አንዷ ስለሆንኩ ዳኛ መሆን አልችልም። እናንተ ተከራከሩበት። ልኩን ለሰማው ነው፣ መንገዱን ለከፈተው ነው፣ ወይስ ሰርቃም ቢሆን ላቆየችው፤ ቁልፉ ለማን ይገባል?