የሚተነፍሰው ጉድጓድ

አንድ ንጉሥ በግዛቱ መካከል ታቹ የማይታይ ጉድጓድ አገኘ። ድንጋይ ቢጥሉበት ድምፅ አይመለስም። ንጉሡ ግን እሰይ አለ፤ ሞልቶ የማያውቅ ጎተራ የማያልቅ ሀብት መሰለው። ያገሩ እህል ሁሉ እዚያ እንዲገባ አዘዘ።

እህሉን የሚደፋው ምንይችል የሚባል ሰው ነበር። አውድማ ላይ እህል ሲያናፍስ ስላደገ ነፋስን በጉንጩ ያውቃል። ጥቂት ሲደፋ ጉድጓዱ ዝም ይላል። ብዙ በደፋ ቀን ግን ከውስጥ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ የሞቀ ነፋስ ይወጣል። በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ቅጠል ሳይነቃነቅ፣ የምንይችል ጋቢ ብቻ ይርገበገባል።

«ራበው ማለት ነው፤ ጨምሩለት!» አለ ንጉሡ።

ጨመሩለት። ነፋሱ የማሳውን አፈር ገፈፈ፤ ቡቃያውን ነቀለ። በመጨረሻ ለዘር የተቀመጠው እህል እንዲመጣ ታዘዘ። ይኼኔ ምንይችል ንጉሡ እግር ላይ ወደቀ።

«ጃንሆይ፣ ይህስ የጥጋብ ነፋስ ነው። ባጎረስነው ቁጥር የሚመጣለትን ጉርሻ ራሱ እየገፋ ነው። ዘሩን ከደፋን ለከርሞ ምን እንዘራለን?»

«አንተን ድፋ እንጂ ምከር ያለህ የለም!»

ምንይችል ፈራ። እያወቀ ደፋው።

ያን ጊዜ ጉድጓዱ ጮኸ። ነፋሱ ቁናውን ከእጁ ነጠቀው፤ ተራ የሚጠብቁትን ገበሬዎች ከነስልቻቸው ገለበጣቸው፤ የቀረውን ዘር ከድንበር ማዶ በተነው። ሰው ሁሉ ሸሸ። ንጉሡ ብቻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለውን ቋጥኝ አቅፎ «አምጡ!» እያለ ቀረ። ምንይችል ሦስት ጊዜ ዳቦ ይዞ ሊቀርበው ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነፋሱ ዳቦውን ወሰደው። በአራተኛው ቀን የንጉሡ ድምፅ ጠፋ። የሚውጠው ያጣው ጉድጓድም ዝም አለ። ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡም ዘነበ፤ በዚያ አገር ግን የሚዘራ አንዲት ፍሬ አልነበረችም።

ሰማይን የሚመረምሩ ሰዎች፣ በአንዳንድ ጋላክሲዎች እምብርት ያለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን ሲሰለቅጥ ብርቱ ነፋስ እንደሚያስነሳ ይነግሩናል። ያ ነፋስ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበትን ጋዝ ጠርጎ ሊያባርር ይችላል። ያለ ልክ የሚውጥ ሁሉ የነገውን ያባርራል፤ ሲበዛ ማርም ይመራል።

ንጉሡን ለመውቀስ ግን አንቸኩል። ጉድጓዱ እጅ አልነበረውም፤ ያጎረሰው ምንይችል ነው፣ ያውም እያወቀ። እርስዎስ ዛሬ እያወቁ የሚያጎርሱት ምንድን ነው?