የቆፈረ ኋላ ይጠጣል

አንድ ጊዜ፣ ሰማይ ጠባዩን በለወጠበት ዘመን፣ ከደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ በሚወርድ ወንዝ ዳርና ዳር ብዙ አራዊት ይኖሩ ነበር። ዱሮ ክረምቱ ቀኑን የማያዛባ እንግዳ ነበር። ኋላ ግን መዘግየት አመጣ፤ መጣ ሲሉት ደግሞ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ አፈሩን ጠራርጎ፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ወንዙም ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄደ።

ከታች፣ አሸዋ በሚበዛበት ቆላ፣ እመት አህያ ቡላ ከሚባለው ውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ቡላ የበኩር ልጇ ነው። ጦጣዎች «ጆሮው ከእግሩ ይረዝማል» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሷ ግን ዓይኗን ከእሱ ላይ አንሥታ አታውቅም። በጋው ሲበረታና ወንዙ አሸዋ ውስጥ ሲደበቅ፣ እመት አህያ በፊት ኮቴዎቿ አሸዋውን እየማሰች ውሃ ታወጣለች። ያወጣችውን ውሃ ጅግራውም፣ ድኩላውም፣ ከርከሮውም ይጠጣዋል። በዚያ አገር ደንቡ አንድ ነው፤ የቆፈረ ኋላ ይጠጣል።

«እማዬ፣ የደከምነው እኛ፤ ለምንድን ነው ኋላ የምንጠጣው?» ይላታል ቡላ።

«የቆፈረ ቀድሞ ከጠጣ ‹የእኔ ነው› ማለት ይጀምራል፣ ልጄ። ኋላ ከጠጣ ግን ውሃው የሁሉም መሆኑን አይረሳም» ትለዋለች።

ከላይ፣ ደጋው ላይ፣ አያ ጅቦ ይኖራል። አያ ጅቦን የማያውቅ የለም፤ ሆዱ ሰፊ፣ አሳቡ አጭር። አንድ ቀን ጎረቤቱ እመት ቀበሮ ጅራቷን እየቆላች መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ዝናቡ ከድቶናል። ወንዙን ብንከትረው ከደጃችን ውሃ አይጠፋም። የታችኞቹም ሲጠማቸው ወደ እኛ መምጣታቸው አይቀርም።»

«የታችኞቹ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ለምሳሌ፣ እመት አህያ።»

የአያ ጅቦ ምራቅ መሬት ነካ። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን!»

ሁለቱ ተያይዘው ከንጉሡ ከአያ አንበሶ ዘንድ ቀረቡ። ቀበሮዋ «ልማት ነው፣ ጌታዬ፣ ልማት!» እያለች ማር ማር የሚል ንግግር አደረገች።

«የታችኞቹስ ምን አሉ?» ሲል አንበሳው ጠየቀ።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጌታዬ። በከንቱ እንዳናደክማቸው ብለን አልጠራናቸውም።»

አንበሳው የቀትር እንቅልፉ መጥቶበት ነበርና «በሉ፣ ይሁን» ብሎ ተጋደመ። ብዙ ነገር የሚበላሸው እንዲህ ነው።

አያ ጅቦ በጉልበቱ ሰስቶ አያውቅም። በወንዙ ዳር የነበሩትን ሾላና ዋንዛዎች በዚያ መንጋጋው እየገዘገዘ ጣላቸው። ግንዱን አጋደመ፣ ድንጋይ ደረደረ፣ ጭቃ መረገ፤ ጠብታ እንኳ እንዳያልፍ አድርጎ ዘጋው። ቀበሮዋ አንድ ድንጋይ አላነሣችም። እሷ ከክትሩ በላይ ካለችው ንጹሕ ምንጭ በድብቅ ትጠጣለች፤ ውሃ ፍለጋ የሚመጡትን ቆቆችም አድብታ ትለቅማለች።

ክትሩ መጀመሪያ ሲያዩት ያምር ነበር። ጥላ የሚሆን ዛፍ ስላልቀረ ግን ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ ትመጠው ጀመር። የቆመው ውሃ ሞቀ፤ ሸተተ፤ ላዩ አረንጓዴ ለበሰ፤ አልቅት ፈላበት። አያ ጅቦ እንደ ልማዱ ሳያይ ሲጨልጥ አንዱ አልቅት ጉሮሮው ላይ ተጣበቀ። ቢያስል አይወጣ፣ አክ ቢል አይወጣ። እንደገና እንዳይጠጣ ሌላ አልቅት ይፈራል፤ እንዳይተው ጥም ሊገድለው ነው።

«ቆይ፣ ያቺ አህያ የት ቀረች?» አለና የደረቀውን ወንዝ ተከትሎ ቁልቁል ወረደ።

እመት አህያ ጉድጓድ ውስጥ ነበረች። ሌላ ጊዜ ጉልበት ድረስ ሲቆፈር የሚፈልቀው ውሃ ዘንድሮ ርቋል፤ እስከ ትከሻዋ ገብታለች። ኮቴዋ ደምቷል። ጅግራውም ድኩላውም አገር ጥለው ሄደዋል። እሷ ያልሄደችው ቡላ መራመድ ስላቃተው ነው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮዎቹን ጥሎ ተኝቷል። በስንት ድካም እፍኝ የምታህል ውሃ ከታች ስታቁር፣ የጅብ ጥላ አረፈባት።

ዘላ ወጥታ ማምለጥ ትችል ነበር። ቡላ ግን አይችልም። ስለዚህ ከጉድጓዱ ወጥታ በልጇ ፊት ቆመች።

«ተገናኘን!» አለ አያ ጅቦ በታፈነ ድምፅ።

ከእናቱ በፊት የመለሰለት ቡላ ነው። ጅብ ምን እንደሆነ ገና አላወቀም፤ የሚያውቀው ደንቡን ብቻ ነው። በጉልበቱ እየተንፏቀቀ ከጉድጓዱ አፍ ራቀና፣ «ጠምቶዎታል መሰለኝ። ይጠጡ። እኛ ቆፋሪዎች ነን፤ ኋላ እንጠጣለን» አለው።

አያ ጅቦ ግራ ገባው። ነጥቆ ያውቃል፣ ተጋፍቶ ያውቃል፤ «ቅደም» ተብሎ ግን በዕድሜው አያውቅም። ጥሙ ከረሃቡ ስለባሰበት አንገቱን አስገብቶ ያቺን እፍኝ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጣት። ቀዝቃዛና ጥርት ያለች ነበረች።

«ድገሚኝ!» አለ።

«የለም። እስኪያቁር ጊዜ ይፈጃል» አለች እመት አህያ። «ዱሮ ሲጠጡት ወዲያው ይተካ ነበር። በአሸዋው ሥር ለሥር ከላይ ነበር የሚመጣልን፤ ከእናንተ ዘንድ።»

«ከእኛ ዘንድ ያለውማ ይገማል! አልቅት አለበት!»

«ስለቆመ ነው። ሲሄድ አሸዋው ያጣራዋል። አሁን የጠጣኸው የእናንተኑ ውሃ ነው፤ ሳይዘጋ በፊት ካለፈው የተረፈውን።»

አያ ጅቦ ማሰብ ጀመረ። ማሰብ ለእሱ ግንድ ከመጎተት ይከብደዋል። «እንግዲህ እኔ የዘጋሁት... ይህንን ነው?»

«ይህንን ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። «አያ ጅቦ፣ እኔን ብላኝ። ለልጄ ግን አንድ ቀዳዳ ክፈትለት። ክትራችሁን አፍርሱት አላልኩም፤ ዝናብ በጠፋበት ዘመን ውሃ ማቆር ክፉ አይደለም። ክፉው አፍ የሌለው ክትር ነው።»

አያ ጅቦ ቡላን አየው። ውርንጭላው ዓይኑን ጨፍኖ ተራውን ይጠብቃል። አሁን የጠጣት ውሃ የማን እንደነበረች ያን ጊዜ ገባው። አፈረ። ጅብ ሲያፍር ማን አይቷል? ዞሮ ሽቅብ ሮጠ።

ቀበሮዋ ክትሩ ላይ ተቀምጣ የቆቅ ላባ ከአፏ ትጠርጋለች። «አህያዋን በላሃት?» አለችው።

«ዞር በይ!»

«ምን ልታደርግ ነው? ልማታችንን ልታፈርስ?»

«አፍ ላወጣለት ነው!» አለና ድንጋዩን በጥርሱ እየፈለቀቀ፣ ጭቃውን በመዳፉ እየጫረ ቀዳዳ ከፈተ። ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ፤ ቀጥሎም ወፈረና አሸዋው ላይ እየተሳበ ወረደ። አያ ጅቦ አብሮት ወረደ።

እመት አህያ ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች «ትንሽ ነው የቀረው፣ ዓይንህን ግለጥ» እያለች ስታባብለው፣ ከጉድጓዱ ሥር ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል አያ ጅቦ ጭቃ ለብሶ፣ ምላሱን አውጥቶ ቆሟል። ፈራች። ደንብ ግን ደንብ ነውና «እንካ፣ ቅደም» አለችው።

አያ ጅቦ ሞልቶ የሚያብለጨልጨውን ጉድጓድ አየ። ምራቁን ዋጠ። አንድ እግሩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«አልቀድምም» አለ። «የቆፈረ ኋላ ይጠጣል አይደል የምትሉት? ዛሬ የቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

እመት አህያ ልጇን በትከሻዋ ደግፋ ወደ ውሃው አቀረበችው። ቡላ ጠጣ። ጥቂት አረፈና እንደገና ጠጣ። የወደቁት ጆሮዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። እናቱ እየሳቀች አለቀሰች።

አያ ጅቦ ከጎን ሆኖ አፉን ከፍቶ ያቃስታል። «ፍጠን እንጂ፣ አንተ ጆሮ ብቻ!» እያለ ይነጫነጫል፤ ከቆመበት ግን አልተነቃነቀም። ቆይቶ ቆይቶ፣ ጉሮሮው ላይ የተጣበቀው አልቅት የቀዝቃዛውን ውሃ ሽታ ተከትሎ ወጣና አሸዋው ላይ ዱብ አለ። ሲስገበገብ የያዘው አልቅት ሲታገሥ ለቀቀው።

ከዚያ ወዲህ ጅብ አህያ መብላት ተወ ብል የሚያምነኝ የለም። ከውሃው ዳር ግን ማንም ማንንም አይነካም። ክትሩ እስከ ዛሬ አለ፤ አፉም ክፍት ነው። አያ አንበሶም የወንዙን ጉባኤ አሁን የሚያደርገው ታች፣ አሸዋው ላይ፣ የታችኞቹ ባሉበት ነው። ዝናቡ እንደ ዱሮው አልተመለሰም፤ የወደቀው ሾላም በአንድ ክረምት አይተካም። ቡላ ግን ውሃ በጠጣ ቁጥር ዳር ዳሩን የበቀሉትን ችግኞች ላለመርገጥ ይጠነቀቃል።

ከዚህ የምንማረው፣ ከላይ ያለ የታችኛውን ጥም ሳይጠይቅ የሚሠራው ልማት መልሶ ራሱን እንደሚያስጠማውና፣ በጋራ ወንዝ ላይ ሰላም የሚጀምረው «አንተ ቅደም» ከማለት እንደሆነ ነው።